አስማትና ቅጠል የሚማር ሰው ሰውነቱን እንዴት ይጠብቅ?

ዘጎዛምን (ጠያቂው) — ኅዳር 3፣ ማታ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞቼና እኅቶቼ። ጎዛምን ተወልጄ፣ ደብረ ኤልያስ አካባቢ ሦስት ዓመት ቅኔ ከተማርሁ በኋላ ዘንድሮ አጎቴ ዘንድ መጥቻለሁ። አጎቴ ክታብ የሚጽፉ፣ ሥር የሚምሱ ደብተራ ናቸው፤ በሽተኛ ከብቸናና ከደጀን ድረስ ይመጣላቸዋል። ጽሕፈቱን ቀድሜ ስለማውቅ ከመስከረም ጀምሮ ወደ ጥበቡ አስገብተውኛል።

የምጠይቃችሁ ጥበቡ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ብዬ አይደለም፤ ጥያቄዬ ስለ ሥጋዬ ነው። በሁለት ወር ውስጥ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሰባት ቀን ሱባኤ ገባሁ፤ በቀን አንድ ጭብጥ ሽምብራና ጥቂት ውኃ ብቻ፣ እንቅልፍም እምብዛም የሌለበት። በአራተኛው ቀን ከተቀመጥሁበት ስነሣ ዓይኔ ጨልሞ ወደቅሁ። ቀጥሎ በሌሊት ምንጭ ውስጥ እስከ ደረቴ ገብቼ መድገም ነበረብኝ፤ ያን ሰሞን የያዘኝ ሳል እስካሁን አለቀቀኝም። ከዚያም በተዘጋ ጎጆ ውስጥ ቀበርቾና ወገርት በከሰል ፍም ላይ ሲጨስ አደርን፤ ጠዋት ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ አስመለሰኝ። ከሁሉ የከፋው ግን «ልብ ይከፍታል» ተብሎ የተሰጠኝ አንድ ስኒ ነው። አፌ ምራቅ አጣ፣ ሽንት አልወርድ አለኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዳዊት ዘርግቼ ፊደሉ እንደ ጉንዳን እየተርመሰመሰ ማንበብ ተሳነኝ። አጎቴ «ጠባቂዎቹ እየፈተኑህ ነው፣ ታገሥ» አሉኝ። እኔ ግን ልታገሠው የሚገባኝ የትኛው እንደሆነ፣ ልሸሸው የሚገባኝ ደግሞ የትኛው እንደሆነ መለየት እፈልጋለሁ። የምታውቁ ብትነግሩኝ።


ወለተ ዲማ — ኅዳር 3፣ ሌሊት

ወንድሜ፣ የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ተወው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን በአስማተኞችና በጠንቋዮች ላይ አጥብቀው የተነሡት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያንም ዛሬ ድረስ ጥንቆላን አትቀበልም። አንተ ግን ስለ ሥጋህ ጠይቀሃልና ነገሩን ወደ ክርክር አልጎትተውም። ሐኪም የሆነ ሰው ቢመልስልህ ይሻላል።


ጤና መኮንን ዘሞጣ — ኅዳር 4፣ ጠዋት

ወንድሜ ዘጎዛምን፣ እኔ በሞጣ በኩል ባለ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ፤ አባቴም ደብተራ ስለነበሩ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። ከጻፍኸው ሁሉ ያስደነገጠኝ ስኒው ነውና ከእርሱ ልጀምር።

እንዲህ «ልብ ይከፍታል» ተብሎ ለተማሪ የሚሰጠውን መጠጥ አብሾ ይሉታል፤ በየአገሩ የሚቀላቀለው ቢለያይም፣ አንተ የዘረዘርሃቸው ምልክቶች የአስተናግር ምልክቶች ናቸው። አስተናግር፣ አንዳንዱ አጤ ፋሪስ የሚለው፣ በየጉድፉና በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ አበባው እንደ መለከት የረዘመ፣ ፍሬው እሾኽ የለበሰ ተክል ነው። ስሙ ራሱ የሚያደርገውን ይናገራል፤ የጠጣውን ሰው ያስለፈልፈዋል። በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ ምራቅና ላብን ያደርቃሉ፣ የልብ ምትን ያፈጥናሉ፣ ፊኛ ሽንቱን እንዳያስወጣ ያደርጋሉ፣ የዓይን ብሌንን ያሰፋሉ። በቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ እንድናይ የሚያደርገው የዓይን ጡንቻም ይላላል። ስለዚህ ዳዊትህ የተርመሰመሰብህ ማንም ፈትኖህ አይደለም፤ የዓይን ሐኪም ብሌን ለማስፋት የሚጠቀምበት ጠብታ የሚሠራውን ሥራ ያ ስኒ በመላ አካልህ ላይ ሠርቶብህ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ነው። ተማሪው አብሾ የሚጠጣው ትምህርት እንዳይጠፋበት ነው። ስኮፖላሚን ግን ሰው አዲስ የተማረውን ነገር በአእምሮው እንዳይዝ ስለሚያደርግ፣ ተመራማሪዎች መርሳት እንዴት እንደሚመጣ ለማጥናት ሲፈልጉ ሆን ብለው የሚሰጡት እርሱን ነው። ለማስታወስ ተብሎ የሚጠጣው፣ የሚያስረሳው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ስንት ቢጠጣ አይጎዳም ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ መጠኑን የሚያውቅ ሰው የለም። በአንድ አጥር ሥር የበቀሉ ሁለት ተክሎች እንኳ የመርዛቸው ብዛት አይመሳሰልም፤ በፍሬውና በቅጠሉ፣ በለጋውና ባረጀው መካከልም ልዩነት አለ። ስለዚህ የአጎትህ ልኬታ፣ «ከዚህ በፊት በዚሁ ስኒ ሰጥቻለሁ» የሚለው፣ ለሚቀጥለው ስኒ ዋስትና አይሆንም። ሰው ጠጥቶት ቆዳው ከቀላና ከጋለ፣ ላብ ከሌለው፣ የሌለ ነገር ማየት ከጀመረ፣ በግድ አታስመልሱት፣ ጠላም ወተትም አታጠጡት፤ ጥላ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ቆዳውን በርጥብ ጨርቅ እያበረዳችሁ፣ ራሱን እንዳይጎዳ እየጠበቃችሁ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ውሰዱት። የተጠጣውን ቅጠል ወይም ፍሬ ይዛችሁ ኑ። እኛ ዘንድ የሚደርሱት አብዛኞቹ ቤተሰቦች እፍረት ይዟቸው «ድንገት አበደ» ብቻ ይላሉ፤ እኛም በወባና በማጅራት ገትር ስንባዝን ሰዓቱ ያልፋል።

ሳልህን በተመለከተ፣ ሁለት ሳምንት ካለፈው ምንጩን ከመውቀስህ በፊት አክታህን አስመርምር። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ስለ ሱባኤው ብዙ አልልም፤ የወደቀ ሰው ሱባኤው እዚያው ላይ አብቅቷል፤ ይህን የሃይማኖት አባቶችም አይቃወሙም። የስኳር በሽታ ያለበት፣ የኤች አይ ቪ ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ጨርሶ መድኃኒቱን አቋርጦ ሱባኤ እንዳይገባ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበሉና የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ እንደማይጣሉ ለምእመናን በይፋ አስተምረዋል።


አረጋዊው ዘቢቡኝ — ኅዳር 4፣ ማታ

ጤና መኮንኑ ያሉትን አነበብሁ። ልጆቼ ናቸው በስልክ የሚጽፉልኝ፤ ፊደል ቢሳሳት በእነርሱ ነው። በወጣትነቴ ዋሸራ ቅኔ ስማር አብሾ ሲጠጣ ዐይቻለሁ። እኔ አልጠጣሁም፤ የኔታ ከልክለውኝ ነው። በእርሳቸው ዘንድ ስኒው ለሁሉ አይሰጥም ነበር፤ ከዘመዱ መካከል ያበደ ያለበት፣ ራስ ምታት የሚያዘወትረው፣ ወይም ከሕመም የተነሣ ተማሪ እንዳይቀርብ ያደርጉ ነበር። ጠጪውም እስኪሻለው ድረስ ሁለት ጠባቂ ይመደብለታል፣ በትርና ቢላዋ ከጎጆው ይወጣል። ይህ ሁሉ ነገሩ መርዝ መሆኑን እንደሚያውቁ ያሳያል። ዛሬ ግን ሥርዓቱ ቀርቶ ስኒው ብቻ የቀረ ይመስለኛል።

አንድ ባልንጀራችን ግን ከጥበቃ ሾልኮ ሁለተኛ ጠጣ። ሌሊቱን ከምሰሶው ጋር አሥረነው ስናድር፣ በጣቶቹ ከአየር ላይ አንዳች ነገር እየለቀመ ወደ ጉያው ይከት ነበር። «ምን ትለቅማለህ?» ስንለው «ፊደል ነው፣ እንዳይረግፍ» አለን። እኛ ተማሪዎቹ ምሥጢር ተገለጠለት ብለን ቀናንበት። በሦስተኛው ቀን ሲነቃ የለቀመውን ይቅርና፣ ከዚያ በፊት ያጠናውን የአንድ ወር ጉባኤ ቃና እንኳ አላስታወሰም። እስካሁን ሰው ሰክሮ ሲጮህ «አብሾው ተነሣበት» ሲባል እርሱ ይታወሰኛል።

ነገር ግን ስኒው ከገደለው ይልቅ ደበሎው የገደለው ይበልጣል እላችኋለሁ። አሥራ ሁለት ተማሪ በአንዲት ጎጆ፣ ክረምት ገብቶ፣ ደበሎው ሳይደርቅ፣ ቅማሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ። ትኩሳቱ ይነሣል፣ አምስት ስድስት ቀን አንቀጥቅጦ ይተዋል። «ተፈወሰ» ተብሎ ክታቡ ይመሰገናል። ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ይነሣል። «መንፈሱ ተመለሰበት» እንል ነበር። ኋላ አንድ ድሬሰር ስሙ ግርሻ እንደሆነና የሚመላለሰውም ከቅማል የመጣ በሽታ ስለሆነ እንደሆነ ሲነግረኝ፣ የጻፍሁት ክታብ ሁሉ በዓይኔ ላይ ዞረ። ልጄ ዘጎዛምን፣ ስንት ሰው ሆናችሁ ነው የምትተኙት?


ዘጎዛምን — ኅዳር 5

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምስት ነን። ደበሎ የምንለብሰው ሁለታችን ነን፤ ሌሎቹ ብርድ ልብስ አላቸው። ቅማል አለ፤ ልዋሽዎ አልችልም። ከእኛ አንዱም ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ይዞት ትቶታል፤ አጎቴ ክታብ ጽፈውለት ነበር። እስከ ዛሬ አልተመለሰበትም። አሁን ግን ቀን መቁጠር ጀምሬያለሁ።


ጤና መኮንን ዘሞጣ — ኅዳር 5

ቀን አትቁጠር፤ ዛሬውኑ ይዘኸው ሂድ። የግርሻ ተሕዋስ በማይክሮስኮፕ በደም ጠብታ ላይ ይታያል፤ በይበልጥ ትኩሳቱ በተነሣበት ሰዓት። ልብሳችሁን ሁሉ በፈላ ውኃ ቀቅሉት፤ ደበሎው መቀቀል ስለማይችል ከሰውነት አርቃችሁ ብዙ ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ማንም በዚያን ጊዜ አይልበሰው። ቅማል ከሰው ደም ከተለየ ብዙ ቀን አይኖርም። ቅማሉን በጥፍር መጨፍለቅ ክልክል ነው፤ በሽታው የሚተላለፈው የተጨፈለቀው ቅማል በተቧጨረ ቆዳ ሲገባ ነው። አባታችን ዘቢቡኝ፣ ስለ ደበሎው ያሉት እኔ ከጻፍሁት ሁሉ ይበልጣል።


ሥር ማሽ ዘደንበጫ — ኅዳር 5፣ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ከእናንተ ጋር በአብሾ አልጣላም፤ እኔም አልሰጥም። ግን ቅጠሉ ሁሉ መርዝ፣ ባለ ቅጠሉ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ተደርጎ ሲጻፍ ዝም አልልም። ይህ ጤና ጣቢያ ከመከፈቱ በፊት የእኛ አገር ሰው በዳማከሴ፣ በጤና አዳም፣ በነጭ ሽንኩርትና በኮሶ ነው የኖረው። ራሱ ሳይንሱም ከእኛ ነው የሚማረው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1956 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ልብስ አጣቢዎች በእንዶድ ካጠቡበት ውኃ በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ አይተው አይደለም ወይ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ያገኙት?

ሌላም ልጨምር። አንድ የጎረቤቴ ልጅ ትኩሳት ይዞት ወስደው መርፌ ወጉት፤ በሁለተኛው ሰዓት ተንቀጥቅጦ፣ ሰውነቱ ነዶ፣ ሊሞት ደረሰ። «መርፌ የማይወድ በሽታ» አለ ስንል ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።


ጤና መኮንን ዘሞጣ — ኅዳር 6

ወንድሜ ዘደንበጫ፣ አልስቅም፤ ያዩት እውነት ነው፤ የተረጎሙበት መንገድ ላይ ግን አልስማማም። የግርሻ ተሕዋስ በደም ውስጥ በብዛት ሳለ አንቲባዮቲክ ሲሰጥ፣ ተሕዋስያኑ ባንድ ጊዜ እየሞቱ ስለሚበታተኑ ሰውነት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱም ይነድዳል፣ ቀጥሎም የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። እኛ የምናውቀው ነገር ነው፤ ስለዚህም በግርሻ የታመመ ሰው መርፌውን ተወግቶ ወዲያው ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ተኝቶ ክትትል ይደረግለታል። የጎረቤትዎ ልጅ ሊሞት የደረሰው መርፌው በሽታውን ስላስቆጣው ሳይሆን መርፌው ስለሠራ ነው። ተወግቶ ሳይጠበቅ ወደ ቤቱ ተሰዶ ከሆነ ጥፋቱ የወጊው ነው፤ ይህን አልሸፍንም።

ስለ እንዶድም ያሉት ልክ ነው፤ የሚያኮራም ነው። ነገር ግን ያው እንዶድ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው የሕዋስን ሽፋን ስለሚበጥስ ነው፤ ሰው ሲጠጣውም በሆድ ዕቃው ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። ልብስ ማጠቢያ መሆኑ መጠጥ አያደርገውም። በነገራችን ላይ በጣና ዳርና በየወንዛችን ቢልሃርዝያ ስላለ፣ ጠያቂው ወንድማችን በሌሊት የሚቆምበት ውኃ ከምንጩ ዐይን ነው ወይስ ታች ከተጠራቀመው የሚለውን ራሱ ይመልከት።


ሥር ማሽ ዘደንበጫ — ኅዳር 6

ስለ መርፌው ያሉትን ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን ከእኛ በኩልም ይጻፍ፤ እኔ ያየሁት ትልቁ አደጋ ከስም ነው። አንዱ ዕፅ በደንበጫ አንድ ስም፣ በዳንግላ ሌላ ስም አለው፤ አንድ ስም ደግሞ ለሁለት ዕፅ ይሆናል። ስለዚህ በስልክ «ይህን ቅጠል ስጠው» ተብሎ የሚላክ መድኃኒት ሰው ይገድላል። እኔ ልጆቼን የማስተምረው ዕፁን በአበባው ጊዜ፣ በቆመበት፣ በእጃቸው አስይዤ ነው። ደርቆ የተፈጨ ሥር ከገበያ አልገዛም። ኮሶንም ቢሆን ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና ለጉበት በሽተኛ አልሰጥም፤ ለሌላውም ብዙ ሲሆን ዓይን እንደሚያጠፋ አባቴ ነግረውኛል።

ሥር ልማስ ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድም በአጎበር ነው የማድረው። ድሮ ከዚያ ስንመለስ የሚይዘንን ንዳድ «ሥሩ ያለ ፈቃድ ተነቅሎ ነው» እንል ነበር። አሁን ወባ መሆኑን አውቃለሁ፤ ትንኟ ከነከሰች ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ስለሚነሣ ነው ከሥሩ ጋር አያይዘን የምንረሳው።


ብራና ፋቂ ዘሰከላ — ኅዳር 7

እኔ አስማቱን አልሠራም፤ ብራናውን ነው የማዘጋጀው። ማንም ስለ ቆዳ ስላላነሣ ልጻፍ። ባለፈው ዓመት በግራ እጄ መካከለኛ ጣት ላይ ትንሽ እብጠት ወጣ። አላመመኝም። በሦስተኛው ቀን መካከሉ ጠቆረ፣ ዙሪያው አበጠ፣ እንደ ከሰል ቁራጭ ሆኖ ተቀመጠ። ስላላመመኝ ናቅሁት። እንዲያውም እፈቀፍቀው ነበር። ከዚያ ክንዴ ሁሉ አበጠ። አባ ሰንጋ ነው ተባልሁ፤ መድኃኒቱን በጊዜ ስላገኘሁ ዳንሁ፤ ጠባሳው ግን ይኸው አለ።

ጥፋቱ የእኔው ነበር። ያን ፍየል አርዶ ያመጣው ሰው አልነበረም፤ ድንገት ሞቶ አድሮ ነው ቆዳው የተገፈፈው፤ ርካሽ ስለነበር ገዛሁት። ድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫውና ከበስተኋላው ያልረጋ ደም የወጣበት ከብት ቆዳው እንደማይገፈፍ አሁን አውቃለሁ፤ ከነቆዳው በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። የአባ ሰንጋ ዘር በአፈርና በቆዳ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል፤ መድረቁም አይገድለውም። ክታብ ለማጻፍ ቆዳ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፤ «የታረደ ነው ወይስ የሞተ?» ሳትሉ አትቀበሉ። ስትፍቁ ብናኙን እንዳትስቡት አፍንጫችሁን በሻሽ ሸፍኑ፣ ቆዳው ርጥብ ሆኖ ሳለ ፋቁት። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሥራውን አሳድሩ።

ስለ ቀለምም አንድ ቃል። በጥንት የብራና ጽሑፎች ላይ ሜርኩሪ ያለበት ቀይና አርሰኒክ ያለበት ቢጫ ማዕድን እንደሚገኝ በምርመራ ታውቋል። የድሮ ቀለም ከድሮ ብራና ፍቀው ለመድኃኒት የሚጠቀሙ አሉና ይጠንቀቁ። የመቃ ብዕር ጫፍ በምላስ ማርጠብም ልማድ ሆኖብናል፤ እኔ ትቼዋለሁ።


የደብተራ ልጅ ዘባሕር ዳር — ኅዳር 7፣ ማታ

ሁላችሁም ስለ ሠሪው ጻፋችሁ፤ በዚያው ጣሪያ ሥር ስለሚኖሩት ሰዎች ግን አላነሣችሁም። አባቴ ክታብ የሚጽፉ ሰው ነበሩ፤ ያደግሁት በጭስ ውስጥ ነው። እናቴ የእርሳቸውን ቀበርቾና የራሷን ምድጃ ጭስ ስትስብ ኖራ፣ አሁን ሁለት እርምጃ ስትራመድ ትንፋሽ ያጥራታል። ጠያቂው ወንድሜ «ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ አስመለሰኝ» ያልኸው የቀበርቾው አይመስለኝም፤ የከሰሉ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከከሰል የሚወጣው የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም፤ እንዲያውም ጭሱ ካለቀ በኋላ ፍሙ ጠርቶ ሲቀላ ነው ሰው ተዘናግቶ የሚተኛው። በርና መስኮት ክፈት፤ ከቻልህ ደጅ አጪስ። መንፈስ በር ስለተከፈተ የሚሸሽ ከሆነ ይሽሽ።

ሁለተኛው ነገር ዕቃው ነው። አባቴ የተዘፈዘፈ ሥር በሃይላንድ አድርገው ከመደብ ሥር ያስቀምጡ ነበር። የስድስት ዓመት ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሮጦ መጥቶ፣ ውኃ መስሎት አንገቱን ይዞ ጎነጨው። ምሬቱ ቶሎ ስላስተፋው ተረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ በባዶ ሃይላንድ ውስጥ ከውኃ በቀር አንዳች እንዳይገባ ከለከለች፤ የአባቴ መድኃኒትም ሁሉ ክዳኑ በቀይ ክር በታሰረ ቅል ውስጥ ሆኖ ከጣሪያው ተንጠለጠለ። የጉሎ ፍሬም በዚያው ወጣ፤ ዘይቱ ደኅና ነው፣ ፍሬው ከታኘከ ግን ሕፃን ይገድላልና።


ወለተ ዲማ — ኅዳር 7፣ ሌሊት

እኅቴ ዘባሕር ዳር፣ ስለ እናትሽ አዘንሁ። የሳንባ ሐኪም አይተውላታል?


የደብተራ ልጅ ዘባሕር ዳር — ኅዳር 8

አይተውላታል፤ የሚነፋ መድኃኒት ትወስዳለች። ምድጃውንም ጭስ ማውጫ አሠርተንለታል። ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ።


ዘጎዛምን — ኅዳር 10

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ። ባልንጀራዬ ኅዳር 6 ሌሊት ትኩሳቱ ተመለሰበት፤ ሲነጋ ይዤው ሄድሁ፣ በደሙ ውስጥ ተገኘ፣ አንድ ሌሊት ተኝቶ ወጣ። መርፌውን ተወግቶ በሰዓታት ውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣ ከእናንተ ባላነብ ኖሮ ጎትቼ አወጣው ነበር። ልብሳችንን በሁለት በርሜል ቀቀልን። እኔም አክታዬን ሰጥቻለሁ፤ ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው።

አጎቴ ስለ ስኒው አልተስማሙም። «የኔታዬ የሰጡኝን አልጥልም» አሉ። ጎጆውን ግን ራሳቸው መስኮት አወጡለት፤ ምክንያቱን አልተናገሩም። ትናንት ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያው ስሄድ ጋቢያቸውን ደርበው ከኋላዬ ተከተሉኝ። «አንተን ልሸኝ ነው» አሉ፤ እዚያ ስንደርስ ግን ከእኔ ቀድመው የአክታ ዕቃ ተቀበሉ። ለካ ከእኔ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያስላቸው እርሳቸው ናቸው፤ ከሁለት ወር በላይ አብሬያቸው ማደሬን ሳስበው ደነገጥሁ።

አሁን ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ አስቸኳይ ነው። ከአማኑኤል በኩል አንድ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ ዛሬ ከቀትር በኋላ በማይታወቅ ውሻ ተነክሶ፣ ነገ ጠዋት ለአጎቴ ይመጣል ተብሎ ተደውሏል። አጎቴ የእብድ ውሻ መድኃኒት አላቸው፤ ቁስሉንም በእጃቸው ነው የሚጠርጉት። ምን ልበላቸው?


ጤና መኮንን ዘሞጣ — ኅዳር 10፣ ከደቂቃዎች በኋላ

ነገ ጠዋት አይጠበቅም። አሁኑኑ ለቤተሰቡ ደውል፤ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡት፣ ቅጠልም ቡናም አይነስንሱበት፣ እንዳይሰፉት። ሲነጋ ክትባቱ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ፤ አንድ ቀን አያሳልፉ። ውሻው በሕይወት ካለና ካገኙት አይግደሉት፤ አሥረው 10 ቀን ይጠብቁት፤ ክትባቱ ግን ውሻውን አይጠብቅም። ምልክቱ ከተጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት በእኛም በአጎትህም እጅ የለም። የውሻው ምራቅ በቁስሉ ላይ አለና አጎትህም ጣታቸው ላይ ጭረት ካለ ለእርሳቸውም አደጋ ነው፤ ይህን ንገራቸው። ስትደውል መልሰህ ጻፍልኝ።


ዘጎዛምን — ኅዳር 10፣ ምሽት 3 ሰዓት

ደውያለሁ። ሳሙና አልነበራቸውም፤ ከጎረቤት አምጥተው አሁን እያጠቡት ነው። ስልኩን የያዙት አጎቴ ናቸው፤ «15 ደቂቃ፣ ሰዓት ይዛችሁ» እያሉ በቁጣ ሲነግሯቸው እሰማለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወጣው መኪና ይሳፈራሉ።